በመምህሬ ልጅ ሰርግ የተጫወትኩት ቤዝ

ያረጀ አምፕሊፋየር ሲሞቅ የሚያወጣው ሽታ አለ፤ የተቃጠለ አቧራ፣ የጋለ ሽቦ፣ ትንሽም የአሮጌ እንጨት። ትናንት ያንን ከሰው የገዛኸውን አምፕ ስትሰካው ሽታው ድንገት መጣብኝና ወሬዬን አቋርጬ ወጣሁ። ቅር እንዳይልህ። አንተ የጠየቅኸኝ ስለ ሰርግ ሥራ ነበር፤ ምን ልያዝ፣ ድምፁን ምን ያህል ላድርገው፣ አምፑን የት ላስቀምጠው አልከኝ። የማውቀውን ሁሉ እነግርሃለሁ። የማውቀው ግን ሁሉም የመምህሬ ነው፤ ከእሳቸው ነጥዬ ልነግርህ ብሞክርም አልሆነልኝም።

መምህሬ ደብረ ታቦር ውስጥ ከገበያው ዝቅ ብላ በምትገኝ አንዲት ጠባብ ክፍል ሬዲዮና ቴፕ ይጠግኑ ነበር። በጎልማሳነታቸው በጦር ሠራዊት ኦርኬስትራ ውስጥ ቤዝ ጊታር ተጫውተዋል። ሠራዊቱ ሲበተን ቤዛቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ወደ አገራቸው ገቡ። ከተማው «አዝማሪው» ነበር የሚላቸው፤ ሲወዳቸውም ሲንቃቸውም ያው አንድ ቃል ነበር። እኔ ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። አምስት ሆነን በየሰርጉ የምንጫወት ቡድን ነበረን፤ ቤዝ የያዝኩትም ሌላ የሚይዘው ስለጠፋ ነው። ከሰዓት ከሰዓት ሱቃቸው እሄድና በርጩማ ላይ ተቀምጬ እማራለሁ። ክፍሏ ሽቦ የሚያያይዙበት የቀለጠ ስታኞ ትሸት ነበር። የጉና ተራራ ብርድ በበሩ ሲገባ መምህሬ ካቦርታቸውን ይደርቡና የቤዙን አንገት በእጃቸው ይዘው ጣቶቼን እያዩ ያርሙኛል።

እንደ ተረት እንዳላንጠለጥልህ አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርህ። በዚያን ጊዜ የመምህሬ ጆሮ ሄዶ ነበር። ለዓመታት ከድራሙ ጸናጽል አጠገብ ሲቆሙ ኖረው ነው የሄደው። ሬዲዮ ጠግነው ሲጨርሱ ስፒከሩን በመዳፋቸው ይዘው ነበር የሚፈትኑት፤ እኔ የሙያ ረቂቅ መስሎኝ አደንቅ ነበር። ከኋላ ስጠራቸው አይዞሩም፤ ኩራት መሰለኝ። ስናወራ ከንፈሬን ትክ ብለው ያያሉ፤ እንደ መናቅ ቆጠርኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገባቸው ተቀምጬ አላወቅኩም። እሳቸውም ከቤታቸው ሰው በቀር ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ደንቆሮ አዝማሪ ተብለው የከተማ መሳቂያ ከሚሆኑ ሞታቸውን ይመርጡ ነበር።

እኔ ደግሞ ከእሳቸው የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አንድ ቀን ሰርግ ላይ መጥተው፣ ሰምተውኝ፣ «ተባረክ» እንዲሉኝ። ይቺን አንዲት ቃል። በጠራኋቸው ቁጥር ግን ሰበብ አያጡም፤ አንዴ ጉንፋን ይሆናል፣ አንዴ ለቅሶ ይሆናል፣ አንዴ ደግሞ የሰው ቴፕ አድርሼ እመጣለሁ ይሉና ይቀራሉ።

ትምህርታቸው ግን ትምህርት ነበር፤ አንተም ያዘው። በቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ ቀንሰው፤ ጣራው ያስተጋባና ዘፋኙን ይውጥብሃል። ዳስ ውስጥ ሸራው ድምፅ አይመልስም፤ መካከለኛውን ትንሽ ጨምር እንጂ ጠቅላላውን አትልቀቀው። ባዶ ዳስና ሰው የሞላበት ዳስ አንድ አይደሉም፤ «ጋቢ ድምፅ ይጠጣል» ይሉ ነበር። እንግዳው ሳይገባ ረጅም ኬብል ሰክተህ ሠላሳ እርምጃ ወደ ኋላ ሂድና ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡበት ቦታ ላይ ቆመህ ስማ። ለራስህ ጥሩ የመሰለህ ለእነሱ መከራ ሊሆን ይችላል። ትርፍ ኬብልና ትርፍ ፊውዝ ከኪስህ አይጥፉ። የወጥ ቤት ሴቶች ማሞቂያ የሰኩበት ማከፋፈያ ላይ አምፕህን አትሰካ፤ እነሱ ሲሰኩ አንተ ትጠፋለህ። መብራት ሄዶ ጄኔሬተር ሲነሳ መጀመሪያ አምፑን አጥፋ። ሰፊ ማንገቻ ግዛ፣ ወገብ አንድ ነው። ጆሮህ ላይ ጥጥ አድርግ፣ ከጸናጽሉም ራቅ ብለህ ቁም። ይህን የመጨረሻውን ሲሉ ፊታቸውን ወደ በሩ ያዞሩ ነበር።

ድምፁን ከፍ ባደረግኩ ቁጥር ደግሞ «እዩኝ እዩኝ ያለ ደብቁኝ ደብቁኝ ይላል» ብለው ይሸነቁጡኛል። የእኔን መጠን የሚያውቁት ከድምፁ አልነበረም፤ አምፑ ላይ የማዞረውን ቁልፍ አይተው ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያጠብቁት ግን አንድ ሕግ ነበራቸው። «አምፕህን ጣውላ ላይ አታሳርፍ። ጣውላ ራሱ ከበሮ ነው፤ ያንተን ድምፅ ተቀብሎ በራሱ ቋንቋ ይናገራል፤ መድረኩ ሁሉ ይንቀጠቀጣል እንጂ ዜማው አይለይም። የቢራ ሳጥን ላይ ስቀለው፣ ከሥሩ ስፖንጅ አድርግ።» አንድ ቀን ቸኩዬ ያለ ሳጥን እንደሠራሁ ስነግራቸው «ቶሎ ቶሎ ቤት ግርግዳው ሰንበሌጥ» ብለው ለሦስት ቀን ዘጉኝ።

በጥር ልጃቸውን ሊድሩ ሆነ። አንዲት ልጅ ናት ያለቻቸው፤ ሙሽራው የአንበሳሜ ከተማ ልጅ ነው፣ ከካህናት ወገን። የሙሽራው ዘመዶች የአዝማሪ ልጅ ልናገባ ነው ወይ ብለው አጉረምርመው እንደነበር ከተማው ሰምቷል፤ መምህሬም አጥተውት አይደለም። ሰርጉ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሱቃቸው ውስጥ የያዙትን ብሎን መፍቻ አስቀምጠው አዩኝ።

«ሙሽራዋ ስትወጣ ያለችውን ዜማ እኔ መድረኩ ላይ ሆኜ ነው የምሰማት። ካንተ አጠገብ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ የሙሽራ አባት መድረክ ላይ ሲቆም ሰው ምን ይላል?»

«የፈለገውን ይበል። እነሱ ሙሽራቸውን በቅዳሴ ይቀበሉ፤ እኔ በቤዝ ነው የምሸኛት።»

እግሬ መሬት አልነካም። በመጨረሻ ሊሰሙኝ ነው! ፈተና መሰለኝ። እኛ ቡድኑ መሬት ላይ እንቆማለን ብንልም እሳቸው በፍጹም አሉ። አናጺ ጠርተው ባዶ በርሜሎች ላይ ጣውላ አስነጥፈው መድረክ አሠሩ። ጣውላው ቀጭን፣ ሲረግጡት የሚጮህ ነበር። ለምን እንደዚያ እንደደከሙበት ያኔ አልጠየቅኩም። እኔ ያየሁት ወጥመድ ነው፤ እንዲህ ያለ መድረክ ላይ አምፑን እንዴት እንደማስቀምጥ ሊያዩ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሁለት የቢራ ሳጥን ተዋስኩ። ስፖንጅ የሚሸጥ ብፈልግ አጣሁና የራሴን ፍራሽ ከእግርጌው በኩል ቆርጬ ሦስት እጥፍ አድርጌ ከሥሩ አነጠፍኩ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ እግሬ ከፍራሽ ውጭ እያደረ ተኝቻለሁ።

የሰርጉ ዕለት ዳሱ አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍና የጠላ ሽታ ነበረው። የከሰዓት ፀሐይ በሰማያዊው ሸራ ውስጥ አልፋ የሰውን ፊት ሁሉ ሰማያዊ አድርጋው ነበር። ዳሱን የሚያስጌጡት ልጆች መሣሪያው መልኩ አያምርም ብለው አምፑንም ሳጥኑንም እስከ ጣውላው ድረስ ነጭ ጨርቅ አልብሰውታል። ሠላሳ እርምጃ ሄጄ ሰማሁ። ጥርት ያለ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ጥርት ብሎልኝ አያውቅም።

ልጅቷ የአባቷንና የእናቷን ጉልበት ሳመች፣ ተመረቀች፣ ሚዜዎቹ ከበቧት። ዘፋኛችን የመሸኛውን ዜማ ሲያነሳ መምህሬ ከሽማግሌዎቹ መካከል ተነሥተው ወደ መድረኩ ወጡ። ካባ ለብሰዋል። የአንበሳሜ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። እሳቸው ግን ማንንም አላዩም፤ አጠገቤ መጥተው ቆሙና ቀስ ብለው ቀኝ እግራቸውን ከጫማው አወጡ። ካልሲ አላደረጉም ነበር። አዲሱ ጫማ ጠቧቸው ነው አልኩ በልቤ።

ተጫወትኩ። ያስተማሩኝን ሁሉ ተጫወትኩ፤ አልቸኮልኩም፣ አልደመቅኩም፣ ዘፋኙን ከሥር ይዤ ሄድኩ። እሳቸው አንዴ ጣቶቼን ያያሉ፣ አንዴ ወደ እግራቸው ያጎነብሳሉ። ግራ እግራቸውንም አወጡ። ሙሽራዋ ዳሱን ለቃ መውጣት ስትጀምር ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ጠፋ። ጫማቸውን አደረጉና ዜማው ሳያልቅ ወረዱ። ለእኛም ለሙሽራዋም ጀርባቸውን ሰጥተው የዳሱን ምሰሶ ይዘው ቆሙ።

ዜማው ሲያልቅ ከኋላቸው ሄጄ «ጋሼ! ጋሼ!» አልኳቸው። አልዞሩም። ሦስተኛ ጊዜ ጠራሁ። አልዞሩም። ደሜ ፈላ። ተመልሼ መድረኩ ላይ ወጣሁና ሰው እየሰማ ለድራም መቺው «ድሮም ተማሪያቸው ሲበልጣቸው አይወዱም» አልኩት። እሱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ «ተው አንተ፣ ልጁን የዳረ ሰው ነው፣ ሆዱ ባብቶ ነው» አለኝ። አልሰማሁትም። እንግዲህ ደንቆሮው ማን እንደነበረ አንተው ፍረድ።

በሳምንቱ ባሕር ዳር አንድ ቡድን ቤዝ ፈልጎ ነበርና ሄድኩ። ወደ መናኸሪያ ስወርድ በሱቃቸው በኩል ነው ያለፍኩት። በሩ ክፍት ነበር፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ሬዲዮ ላይ አጎንብሰዋል። ሆን ብዬ ጫማዬን እያንኳኳሁ አለፍኩ። ዞር ብለው እንዲጠሩኝ፣ እኔም አልሰማሁም ብዬ እንዳልፋቸው። አሁን በዚህ ዕድሜዬ፣ አንዳንድ ቀን ገበያ መሐል እየሄድኩ ይህቺ ነገር ትመጣብኝና እቆማለሁ፤ ሰው ያመመኝ ይመስለዋል።

ሁለት ዓመት አልተመለስኩም። ባሕር ዳር ሥራው ጥሩ ነበር፤ የሆቴል አዳራሽ፣ ደህና ስፒከር፣ ድምፅ የሚቆጣጠር ሰው። አምፕ ብቻዬን ሳወርድና ስጭን ግን ወገቤ ተያዘና ወንዛዬ ፍል ውኃ ብትገባ ይሻልሃል አሉኝ። ሄድኩ። ሁለተኛው ቀን ላይ ገላዬን ተለቃልቄ ፎጣ ተከናንቤ ፀሐይ ላይ ስቀመጥ አንዲት ሴት አሮጊት ደግፋ ስታልፍ ቆመች። የመምህሬ ልጅ ናት። አማቷን ልታጥብ አምጥታ ነበር።

«አንተ! በሕይወት አለህ እንዴ?» አለችኝ። አማቷን ጥላ ሥር አስቀምጣ መጣች። «ምነው እንዲህ ጨከንክ? አባቴ ምን በደሉህ?»

የሁለት ዓመቱ ቂሜ አፌ ላይ ነበርና ዘረገፍኩት። ዜማዬን አቋርጠው ወረዱ፣ ጠራኋቸው አልዞሩም፣ ናቁኝ አልኳት። እያየችኝ ዓይኗ ሞላ።

«ጆሯቸው የለም እኮ! አታውቅም ነበር?» አለችኝ። «አንተ ከመምጣትህ በፊት ጀምሮ የለም። ቤዙን በእግራቸው ነበር የሚሰሙት። እቤት አምፑን የወለሉ ሳንቃ ላይ ያስቀምጡና ጫማቸውን አውልቀው ይጫወቱ ነበር። መድረኩን ያሠሩትስ ለምን መሰለህ? በሰርጌ ያንተን ሊሰሙ ነዋ። ከሄድኩ በኋላ ለመልስ ስመጣ ጠየቅኋቸው። ‹ከበሮው መጣልኝ፤ ቤዙ ግን አልመጣም። ጣቱን አየሁት፣ ይጫወታል። እኔ ጋ አልደረሰም። እግሬም ደነቆረ፣ ልጄ› አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ቤዙን ነክተውት አያውቁም። በዓመቱ ለሚያልፍ ሰው ሸጡት።»

የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይባላል። ቤዝ ያስተማሩኝ ሰው በገዛ ልጃቸው ሰርግ አንዲት ድምፅ አልደረሰቻቸውም፤ እንዳትደርሳቸው ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ያደረግኩትም ያስተማሩኝን አክብሬ ነው። እግራቸው ደህና ነበር። የእኔ ፍራሽ ቁራጭ ነበር በመካከላችን። ያን ዕለት ውኃው ዳር ተቀምጬ እንደ ወይዘሮ ተሸፋፍኜ አለቀስኩ፤ ወገቤን አሞኝ የማለቅስ የመሰላቸው ሰዎች እግዜር ይማርህ እያሉኝ አለፉ።

በማግስቱ ደብረ ታቦር ገባሁ። ሱቁ ተዘግቶ ነበር። መምህሬን ያገኘኋቸው ቤታቸው ግቢ ውስጥ፣ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው። ከስተዋል። ሲያዩኝ ሊነሡ ሞከሩ፣ እኔ ደግሞ ጉልበታቸው ላይ ወደቅኩ። «መጣህ?» አሉኝ፤ ድምፃቸውን መጥነው መናገር ስለማይችሉ ጎረቤት ሁሉ ሰማ።

ደብተር ይዤ ነበር። ሁሉንም ጻፍኩላቸው። ሳጥኑን፣ ስፖንጁን፣ ጨርቅ ለብሶ ስለነበር እንዳልታየ፣ ስጫወት እንደነበርና እግራቸው ምንም እንዳልሆነ። መነጽራቸውን አድርገው አንዴ አነበቡት። መልሰው አነበቡት። ጣታቸውን አንድ ቃል ላይ አሳርፈው «ስፖንጅም?» አሉ። ራሴን ነቀነቅኩ። ሦስት እጥፍ እንደነበረ በእጄ አሳየኋቸው። ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ።

«እንዲያ ነው እንጂ» አሉ ሲበርድላቸው። «ያስተማርኩህን ነው ያደረግኸው። ምን አጠፋህ? ተባረክ።»

ያቺን ቃል ስንት ዘመን ጠብቄ ነበር። ምነው በረገሙኝ።

ብዕሩን ይዤ፣ ነገ አምፕና ቤዝ ይዤ እመጣለሁ፣ ያለ ሳጥን ሳንቃው ላይ እናስቀምጠዋለን ብዬ ጻፍኩ። አነበቡና ቀስ ብለው ጋቢያቸውን ገለጡልኝ። እግራቸው አብጦ በጨርቅ ተጠቅልሏል። «አሁንማ እውነትም ሄዷል። ስኳር ነው ይላሉ ሐኪሞቹ። እሳት ብረግጥ አይሰማኝም።» ትንሽ አሰቡና ፊታቸው በራ። «የሷ ሰርግ ቀን ግን ደህና ነበር ማለት ነው። እኔ እኮ ከዚያ ቀን የጀመረ መስሎኝ ነበር።»

እንደ ትልቅ የምሥራች ነበር የተናገሩት።

ከዚያ የግራ እጃቸውን እጅጌ እስከ ክርናቸው ሰበሰቡና ጭኔ ላይ ዘረጉልኝ። «በል ያን ቀን የተጫወትካትን እዚህ ላይ ተጫወታት። ከመጀመሪያዋ ጀምር፤ እንዳትቸኩል» አሉኝ።

በሁለት ጣቴ ክንዳቸው ላይ ጀመርኩ። ቆዳቸው ስስ ነበር፣ ደም ሥራቸው ከሥሩ ይመታል። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሙሽራዋ የተነሣችበት ላይ ስደርስ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ዳሱን የለቀቀችበት ላይ ስደርስ «እዚህ ጋ ወጣች» አሉ። በሰርጉ ቀን ሳይሰሟት የቀሩትን ቁራጭ ቀስ አድርጌ ተጫወትኩላቸው። ጨረስኩ። እጃቸውን አልሳቡም።

«ቆንጆ ሙሽራ ነበረች፣ አይደል?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ» አልኩ። አልሰሙኝም። ዓይናቸውንም ስላልገለጡ አላዩኝም። መልሴ እንዲደርሳቸው ክንዳቸውን በሁለት እጄ አጥብቄ ያዝኩት።